ባላምባራስ እንግዳሸት በቡጢ ላይ የፈረዱት ፍርድ

የሰው ልጅ ምንም በጥበብ ቢራቀቅ፣ ምንም በእውቀት ቢመጥቅ፣ ዕድሜውን የፈጀበትን ሙያ እንደ ካባ ከላዩ አውልቆ ደጅ ሊተወው ከቶ እንደማይቻለው አስተዋዩና ምሁሩ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል። አናጢው ቤተ ክርስቲያን በገባ ጊዜ ከጸሎቱ አስቀድሞ ዐይኑ ወደ ጣሪያው ማገር ይሮጣል፤ ነጋዴው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የአልቃሹን ነጠላ ዋጋ ይገምታል፤ ሐኪሙም ሙሽራይቱን ሲያይ ውበቷን ትቶ የገጿን መንጣት ይመረምራል። ይህ ጠባይ በሌላው ላይ ሲገኝ ሣቅ ያስከትል ይሆናል እንጂ ብዙ ጉዳት የለውም፤ በዳኛ ላይ ሲገኝ ግን፣ የዳኛ ቃል በሰው ሕይወት ላይ የሚያርፍ ነውና፣ ነገሩ ይከብዳል። እንግዲህ ዓለሙን ሁሉ ከሳሽና ተከሳሽ አድርገው የሚያዩ አንድ ክቡርና ቅን ሽማግሌ ከማያውቁት ነገር ፊት ተቀምጠው ያገኛቸውን መከራ እንናገራለን። በታሪኩ ውስጥ ማን እንደ ረታ የሚሸሸግ ምሥጢር አይደለምና ከወዲሁ እንግለጠው፤ በቡጢ ግጥሚያው የረታው ይርዳው የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። ያገር ሰው ወር ሙሉ የተናጨው በምን ያህል እንደ ረታ ነበር።

በአምባ ጽጌ ከተማ፣ ከገበያው በላይ ባለችው ኮረብታ፣ ባላምባራስ እንግዳሸት የሚባሉ ዕድሜ የጠገቡና ጠባያቸው የታረመ ሰው ይኖሩ ነበር። አርባ ዓመት በዳኝነት ወንበር ተቀምጠው የደሀውን እንባ ያበሱ፣ የባለጸጋውን መማለጃ የናቁ፣ ፍርዳቸውም አንድ ጊዜ እንኳ በይግባኝ ተሽሮ የማያውቅ ስለ ነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሳይቀር የተጣላ ሁሉ ደጃቸውን ይጠና ነበር። በዚያ ወራት የአውራጃው ገዢ ለወጣቶች የስፖርት አዳራሽ አሠርተው ቡጢ የሚያስተምር አንድ መምህር ሊቀጥሩ ፈለጉ፤ ለሹመቱም ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንደኛው በልብስ ሰፊነት የሚተዳደረው፣ ቀጭኑና ዝምተኛው ይርዳው ሲሆን፣ ሁለተኛው በድንጋይ ጠራቢነት የሚኖረው፣ ደረተ ሰፊውና ደመ ፍሉ ደባልቄ ነው፤ ሁለቱም ወታደር ሳሉ በአንድ ካምፕ ቡጢ የተማሩ የቆዩ ጓደኞች ናቸው። ገዢውም «በግጥሚያ ይለዩ» ብለው ሦስት ዳኞች ሰየሙ፦ ቡጢ ያስተማሯቸውን ሻምበል ባሻ ወርዶፋን፣ የትምህርት ቤቱን መምህር ታፈረን፣ ሦስተኛም ስለ ፍትሐዊነታቸው ማንም የማይጠራጠራቸውን ባላምባራስን። ባላምባራስ የቡጢ ግጥሚያ አይተው እንደማያውቁ ቢናገሩም ገዢው ፍትሕ የትም ቢሆን ያው ፍትሕ ነው ብለው አግባቧቸው። ባለቤታቸው እመት ዘርትሁን ግን ይህን በሰሙ ጊዜ፣ «ዕድሜ ልክዎን ጎረምሳ ሲደባደብ ሲገላግሉ ኖረው፣ አሁን በስተርጅና ቁጭ ብለው ሊያደባድቡ ነው?» እያሉ ሳምንት ሙሉ ሣቁባቸው።

የገዢው ዐዋጅ አጭርና ግልጽ ነበር። ሁለቱ ስድስት ዙር ይጋጠማሉ፤ ሦስቱ ዳኞች በየራሳቸው ይቆጥራሉ፤ የሦስቱ ብልጫ ተደምሮ ሠላሳ ከሞላ ድሉ የማያጠራጥር ነውና አሸናፊው መምህር ሆኖ ይሾማል፤ ካልሞላ ግን በአርባኛው ቀን ዳግመኛ ይጋጠማሉ። እነሆ በተባለው ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ በገመድ በታጠረው መድረክ ዙሪያ የከተማው ሕዝብ ግጥም ብሎ ሳለ፣ ደወሉ ተደወለ። ደባልቄ ከደወሉ ጋር ተወርውሮ ወጣ፤ ግራ ሰነዘረ፣ ቀኝ ሰነዘረ፣ ገፋ፣ ተጫነ፣ ትንፋሽም አልሰጠ። ይርዳው ግን አንገቱን ዘንበል፣ ትከሻውን ዞር፣ እግሩን መለስ እያደረገ፣ የመጣበትን ሁሉ ወደ ነፋስ ሰደደው፤ አልፎ አልፎም አጭር ቡጢ ጣል አድርጎ ይርቅ ነበር። ሕዝቡም ለሁለት ተከፍሎ፣ እኩሌታው «ምን ይሸሻል» እያለ ሲያጉረመርም፣ እኩሌታው «አልነካውም እኮ» እያለ ያጨበጭብ ጀመር። ባላምባራስ ይህን ሁሉ ሲያዩ መጀመሪያ ነገር ዓለሙ ዞረባቸው፤ ወዲያው ግን አንድ ሐሳብ እንደ ብርሃን በራላቸው። ይህ እየገፋ የሚመጣው ከሳሽ ነው፤ ያ የሚከላከለው ተከሳሽ ነው፤ እያንዳንዱ ቡጢ ክስ ነው፤ ያረፈ ክስ የተረጋገጠ፣ የሳተ ክስ ማስረጃ ያጣ ነው። ማስረዳትም የከሳሽ ግዴታ እንደሆነ እንኳን እሳቸው በራቸው ላይ ቆሞ የዋለ ተሟጋች ያውቀዋል። እንግዲያስ ልባቸው ረጋ፤ የከሳሹ ቡጢ በሳተ ቁጥር ከቀኝ ኪሳቸው ወደ ግራው አንዳንድ ሽምብራ እያዛወሩ፣ ባረፈ ቁጥር እየመለሱ፣ ስድስቱን ዙር በጸጥታ ፈጸሙ።

ውጤቱ በተነበበ ጊዜ ሻምበል ባሻ ይርዳው በሁለት ነጥብ በለጠ አሉ፤ መምህር ታፈረ በሦስት አሉ፤ ባላምባራስ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ በአርባ አንድ አሉ። ሜዳው እንደ ጉድ ተንጫጫ። ድምሩ ሠላሳን ቢያልፍም ገዢው ግራ ገብቷቸው ሹመቱን አዘገዩና ነገሩ በጉባኤ እስኪመረመር ይቆይ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በአምባ ጽጌ ሌላ ወሬ ጠፋ። በጠጅ ቤት፣ በዕድር፣ በወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ሳይቀር፣ አንዱ ይርዳው ለጥቂት ነው ያመለጠው ሲል፣ ሌላው ደባልቄን አሻንጉሊት አድርጎት ነው የዋለው ይላል፤ አንዱ ያልመታ ሰው እንዴት ያሸንፋል ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው ያልተመታ ሰው እንዴት ይሸነፋል ብሎ ይመልሳል። ወንድማማች ተኳረፈ፤ አንድ ፀጉር አስተካካይ የደባልቄን ወገን ጢም ግማሹን ላጭቶ ውጣልኝ አለው ተባለ፤ ይህን እኛ አላየንም፤ ያወራው ሁሉ ግን ይምላል። ሁሉም በአንድ ነገር ብቻ ተስማማ፤ ባላምባራስ አርጅተዋል።

ባላምባራስም ሐሜቱን ሰምተው እንዳልሰሙ ለመሆን ጥቂት ቀን ከታገሉ በኋላ፣ ሻምበል ባሻ ወርዶፋን አስጠርተው ጉዳዩን በግልጽ ጠየቁ። ሻምበል ባሻም በወታደር ደንብ ተቀምጠው፣ በትሕትና ግን ሳይሸሽጉ፣ በቡጢ ሕግ የሚቆጠረው ያረፈው ቡጢ እንጂ የሳተው እንዳልሆነ፣ ከሁሉም ይልቅ የይርዳውም ቡጢ መቆጠር እንደሚገባው አስረዷቸው። ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ የተከሳሹን ቡጢ፣ መልስ እንጂ ክስ አይደለም ብለው፣ አንዱንም አልቆጠሩትም ነበርና። የአሸናፊውን ቡጢ አንድ እንኳ ሳይቆጥሩ አሸናፊውን በአርባ አንድ አስበልጠዋል ማለት ነው። ታዲያ ከሳሹ የቱ ነው ብለው ቢጠይቁ፣ ሻምበል ባሻ ሁለቱም ከሳሽ፣ ሁለቱም ተከሳሽ ናቸው አሏቸው። እንዲህ ያለ ሙግት በአርባ ዓመት ውስጥ ሰምተው አያውቁም። እንግዳቸውን ሸኝተው ሲመለሱ ጉባኤው ፊት ቀርበው ስሕተታቸውን ሊናገሩ ቆረጡ፤ ይህም ምንም ቢያሳፍራቸው ለእውነት መዋረድን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ሰው አልነበሩም።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ፣ ባላምባራስ በጓሯቸው የጌሾውን ቅጠል ሲያራግፉ ሳለ፣ ደባልቄ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። ባላምባራስ እንግዳውን ሲያዩ ክርክሩን የሚያውቁት መሰላቸው፤ የተረታ ሰው ወደ ዳኛ ቤት የሚመጣው ፍርዱ እንዲቀነስለት ነውና፣ ሳያስለፋው እንደሚቀንሱለት ሊነግሩት አፋቸውን ከፈቱ። እሱ ግን አላስጀመራቸውም።

«ባላምባራስ፣ ቁጥርዎን እንዳይቀንሱት ልለምንዎ ነው የመጣሁት» አለ።

ሽማግሌው የያዙትን ቅጠል ጣሉ። መሸነፌ እንዳይቀነስብኝ የሚል አቤቱታ ሰምተው አያውቁምና፣ ይህ ልጅ ጠጥቶ ይሆን ብለው ዐይን ዐይኑን አዩት። ደባልቄ የሰከረ አልነበረም፤ ከድንጋዩ ዱቄት በቀር ፊቱ ላይ ሌላ ነገር የለም።

«የይርዳው ግራ ዐይን ፈዟል። በአራተኛው ዙር ቀኜን ስሰነዝርበት ቆሞ ተቀበለው፤ ብደግመው እንደዚያው። ያን ጊዜ ገባኝ። እስከዚያ ሲያመልጠኝ የቆየው በቀኝ ዐይኑ እያየ፣ በግራው በኩል እግሬን እየሰማ ነው። ከዚያ ወዲያ በቀኜ አልመታሁትም።»

«ስለምን ተውህ?» አሉ ባላምባራስ።

«እንጃ። አስቤበት አይደለም፤ እጄ እምቢ አለኝ። ካምፕ ሳለን አንድ ጓደኛችን ዐይኑ እንዲሁ ፈዞበት፣ ደግሞ ሲመታ ጨርሶ ጠፋ። ሁለታችንም እጁን ይዘን መርተነዋል።» ኮፍያውን አገላበጠ። «ዳግመኛ ከገጠምን ግን፣ ባላምባራስ፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ወር ሙሉ ተሸናፊ ሲሉኝ ሰንብቼ ነው የምገባው። ያን ዐይን እመታዋለሁ።»

ባላምባራስም፣ እንዲህ ከሆነ ስለምን ራስህ አልገጥምም አትልም ብለው መከሩት። እሱም ይህን ሊል ሦስት ጊዜ ወደ ገዢው ቤት ሄዶ ሦስት ጊዜ ከደጅ እንደ ተመለሰ፣ ፈራ ከሚሉት መሞትን እንደሚመርጥ ነገራቸው። የዐይኑን ነገር ለሰው እንዳይነግሩ ደግሞ በእናቱ ስም አስማላቸው፤ ይርዳው መርፌ ማየት እያቃተው ስለ ሆነ ከዚህ ሹመት በቀር እንጀራ የለውም፤ ዐይነ ስውር መምህር ደግሞ ማንም አይቀጥርም። ከሄደ በኋላ ሽማግሌው በጓሯቸው ቁመው ቀሩ። ደባልቄ ባይተው ኖሮ ያሸንፍ ነበርን? እስከ አራተኛው ዙር መሳቱ እውነት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መተዉም እውነት ነው። እንግዲህ ይርዳው በብዙ ረታ፣ ወይስ በጥቂት፣ ወይስ ጭራሽ አልረታም? ምስክሩን በጆሯቸው ሰምተው፣ ማስረጃውን በእጃቸው ጨብጠው፣ ፍርዱ ከቀድሞው ይልቅ የተሰወረባቸው በዚያች ቀን ብቻ ነው። እመት ዘርትሁን ምን ሆኑ ብለው ሲጠይቋቸው፣ «አላወቅሁም፤ እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አሉ።

ይህም አልበቃ ብሎ፣ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ይርዳው ራሱ በቤተ ክርስቲያኑ በር ጠብቆ ጉልበታቸውን ሳመ። ሲያናግራቸው ፊቱን ወደ ግራ ዘወር አድርጎ በቀኝ ዐይኑ ብቻ እንደሚያያቸው ባላምባራስ አስተዋሉ፤ ከዚያ በፊት አላስተዋሉትም ነበር። ልመናውም የባሰ ግራ የሚያጋባ ነበር። አርባ አንድ የሚለው ቁጥር መሣቂያ አደረገኝ፤ በዳኛ እርጅና የተሾመ እየተባልሁ እስከ መቼ እኖራለሁ፤ እባክዎ ወደ እውነተኛው ልክ ያውርዱትና ደግሜ ገጥሜ ማንነቴን ላሳይ አላቸው። ምስኪን፤ ባላጋራው ምን እንደሚያውቅ አያውቅም። ተሸናፊው ሽንፈቴ ይብዛልኝ ሲል፣ አሸናፊው ድሌ ይነስልኝ ሲል፣ ሽማግሌው በሁለቱ መካከል ቆመው፣ በሙሉ ዕድሜያቸው ያላደረጉትን አደረጉ፤ ያለ ምላሽ ጥለው ሄዱ።

የጉባኤው ቀን በደረሰ ጊዜ አዲሱ አዳራሽ እስከ ደጁ ሞላ። ገዢው በመካከል ተቀምጠው፣ ሁለቱ ዳኞች በቀኝ፣ ሁለቱ ተጋጣሚዎች በግራ ቆመው፣ ባላምባራስ ተጠሩ። ስንት ሰው ያስጠሩና ያስቆሙ የነበሩት ክቡር ሰው በተራቸው ተጠርተው ሲቆሙ ማየት ለወዳጆቻቸው የሚያሳዝን ነበር፤ እመት ዘርትሁንም ከሴቶቹ መካከል ሆነው ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ሳቡ።

«ባላምባራስ፣ የቡጢን ሕግ ያውቁ ነበርን?» አሉ ገዢው።

«አላውቅም ነበር።»

«የአሸናፊውን ቡጢ ሳይቆጥሩ መፍረድዎ እውነት ነውን?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያስ ቁጥርዎን ያርማሉ?»

«አላርምም።»

አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። ገዢው ሰውን ዝም አሰኝተው፣ በትዕግሥትና በአክብሮት፣ ምክንያታቸውን እንዲናገሩ ጠየቋቸው። ያለ ምክንያት ፍርድ መስጠት ከዳኛ ነውር ሁሉ የከፋ ነው ብለው ስንቱን ወጣት ዳኛ የገሠጹት ባላምባራስ ግን፣ ምክንያታቸውን በሆዳቸው ይዘው፣ የሣቀባቸውን ሕዝብ እያዩ ቆሙ። አፋቸውን ቢከፍቱ የአንዱን እንጀራ ይዘጋሉ፤ ቢያርሙ ዐይኑን ያጠፋሉ። ገዢውም በመጨረሻ አዝነው፣ ሕጉን ሳያውቁ የተሰጠ ቁጥር እንደሌለ ይቆጠር፣ የቀሩት ሁለት ቁጥሮች ሠላሳ አይሞሉምና ግጥሚያው ይደገም ብለው ለጸሐፊው መናገር ጀመሩ። ያን ጊዜ ባላምባራስ እጃቸውን አነሡ፤ ድምፃቸውም ወንበር ላይ ሳሉ የነበረው ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ጌታዬ፣ የተሰጠ ፍርድ የሚነሣው የተረታው ሰው ይግባኝ ሲል ነው። ያገር ሰው ሁሉ ይግባኝ ሲል ሰማሁ፤ የተረታውን ግን የጠየቀ የለም። ዳኛ ፍርድ ሲሰጥ የተረታውን አቁሞ ይጠይቃል፤ ይህ እንኳ በቡጢም ቢሆን የሚለወጥ አይመስለኝም።»

ገዢው ሻምበል ባሻን አዩ፤ ሻምበል ባሻ መምህር ታፈረን አዩ፤ ሁሉም ተያዩ። እውነትም የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሁሉም መልሱን የሚያውቀው መስሎት ነበር፤ ወር ሙሉ ስለ ደባልቄ ሲጣሉ ደባልቄን የጠየቀ አልተገኘም። ገዢውም ወደ ግራ ዘወር ብለው፣ ይግባኝ ትላለህን አሉት። ወገኖቹ «በል እንጂ» እያሉ ከኋላ ጎነተሉት። ደባልቄ መጀመሪያ ባላምባራስን አየ፤ ሽማግሌው ግን ምንም ምልክት አልሰጡትም፤ ያለ ፈቃዱ አንዲት ቃል ከአፉ እንድትወጣ አልፈለጉም። ቀጥሎ ይርዳውን አየ። ይርዳው ፊቱን ወደ ግራ ዘወር አድርጎ፣ በቀኝ ዐይኑ፣ በጉጉት ይጠብቀው ነበር፤ ይግባኝ እንዲል የሚለምነው ይመስል ነበር። ደባልቄ ሁለቱን እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ያዘ።

«ይግባኝ የለኝም። ተረትቻለሁ» አለ።

«በምን ያህል?» አሉ ገዢው፣ ለመዝገቡ።

«ባላምባራስ ባሉት።»

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ማብዛት አያስፈልግም። የደባልቄ ወገኖች ፈሪ ብለው እየተፉ ወጡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉትም። ይርዳው በዚያው ቀን ተሾመ፤ ነገር ግን ድሉን የማስመስከር ዕድሉን የነጠቀው ደባልቄ እንደሆነ አምኖ፣ በመንገድ ሲያገኘው ጎዳናውን ይሻገራል፤ በግራው በኩል ከመጣ ደግሞ ጭራሽ ሳያየው ያልፋል፤ ደባልቄም ቀስ ብሎ መንገድ ይለቅለታል። የአምባ ጽጌ ሰው ክርክሩን አልተወም፤ አርባ አንዱም በመዝገብ ጸንቶ ይነበባል። እመት ዘርትሁን አንድ ቀን ባላቸውን በቅንነት፣ «በሉ አሁን ለእኔ እንኳ ይንገሩኝ፤ በእውነት ማን ነው የረታው?» አሏቸው። ባላምባራስ ብዙ አሰቡ፤ ሊናገሩ ጀመሩና ተዉት፤ እንደ ገና አስበውም፣ ወንበር ላይ ሳሉ አንድም ቀን ያልተናገሩትን ቃል፣ አላውቅም የሚለውን፣ ያለ ኀፍረት ተናገሩ። ከድል ሁሉ ልኩ ከሰው ቆጣሪ የተሰወረው፣ የተረታው ሰው በፈቃዱ ከራሱ ቆርሶ የጨመረበት ድል ነውና።